ጉሮሮውን ሳይጠርግ የገባው

በዚያ ዘመን አዲሶቹ ኮምፒውተሮች ከሰው ድምፅ ውስጥ ቃል ያልሆነውን ሁሉ እያበጠሩ ይጥሉ ነበር፤ ሳሉንም፣ ትንፋሹንም፣ የበሩን ሲጥታም። ትርሲት ሟች አባቷ ከሥራ ወደ ቤት ሲገባ የተቀረፀውን ቪዲዮ ከአሮጌው ኮምፒውተር ወደ አዲሱ የገለበጠችው የዚያን ዕለት ጠዋት ነበር። አሮጌውን የሚገዛው ቁራሌው በር ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር።

«እስቲ ስሚው እማዬ፣ እንዴት ጥርት እንዳለ።»

«እንዴት ዋላችሁ» አለ የአባቷ ድምፅ።

እናቷ ወይዘሮ እታፈራሁ ግንባራቸውን ቋጠሩ። «ይሄ ማነው?»

«አባዬ ነዋ።»

«አባትሽ ጉሮሮውን ሳይጠርግ ደጃፌን ረግጦ አያውቅም። በገዛ ቤቱ እንደ እንግዳ ‹እህም› ሳይል አይገባም ነበር። ይሄ ዘው ያለው ማነው?»

ትርሲት ሳቀች፤ ወዲያው ግን ነገሩ ከነከናት። አሮጌውን መልሳ አስነሳችው። ማራገቢያው እንደ ወፍጮ እያጓራ ተከፈተ፤ እሱም ከብዙ ልመና በኋላ። ገመድ ፈልጋ ሁለቱን አገናኘቻቸው፤ ምስሉን አዲሱ እንዲያሳይ፣ ድምፁን አሮጌው እንዲያሰማ።

አዲሱ ግድግዳው ላይ በሚያበራው ምስል በሩ ሲከፈት ታየ። ከአቧራማው ሳጥን ውስጥ፣ ከማራገቢያው ጩኸት መሀል፣ «እህም... እህም» የሚል ወጣ።

ወይዘሮ እታፈራሁ ሳይታወቃቸው ነጠላቸውን አስተካክለው ሶፋው ላይ ጠጋ አሉ፤ አጠገባቸው ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ ተለቀቀ።

ትርሲት ቦታውን አየችው። «ቁራሌውን ምን ልበለው ታዲያ?»

«‹አባቴ ገብቶ አልሸጥም አለ› በይው።»