ከአንድ በታች

ቁጥር ሁሉ በሮማን አኃዝ ብቻ ይጻፍ ከተባለ ወዲህ፣ መስከረም ሲጠባ የአስካለ ደም ይፈላል። የሮማን ቁጥር ዜሮ የለውም፤ እናም የቀበሌው ኮምፒውተር ልጅ ለሌላት ለእሷ "I" ልጅ ብሎ መዘገበላት። በየዓመቱም የተማሪ ዩኒፎርም ይልክላታል።

ዘንድሮም የቀበሌው ዩኒፎርም አዳይ ጌታነህ በሯን አንኳኳ።

"ስንቴ ልንገርህ? ልጅ የለኝም! አልወለድኩም!"

"እትዬ አስካለ፣ እኔ ምን ላድርግ? ኮምፒውተሩ ከአንድ በታች አያውቅም።"

እያጉረመረመች ዩኒፎርሙን ከእጁ መንጭቃ ወሰደችና ቁም ሳጥኑ ውስጥ ከአምናው ጎን ሰቀለችው። ሁለቱን አስተያየቻቸው። ከዚያ ተመልሳ ወጥታ፣ ደረጃውን መውረድ የጀመረውን ጌታነህን ጮኻ ጠራችው።

"አንተ! ይሄ እኮ የአምናው ልክ ነው። ልጄ አያድግም እንዴ?"