የጧት ሙቀጫ

ሀብተ ሥላሴ ያንን ራዲዮ የገዛው ለዘፈን አይደለም። ልጁ አለበል ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ከዘመተ ሁለት ዓመት ሆነው፤ ከዚያ ወዲህ ውሃ በላው። ይኑር ይሙት የሚነግር ጠፋ። አንድ የፋብሪካ ባልደረባው ግን በሹክሹክታ አንድ ነገር ነገረው፦ መንግሥት «የወንበዴ» የሚለው ጣቢያ ጧት ጧት በአሥራ ሁለት ሰዓት የምርኮኞችን ስም ያነብባል። ያንን ጣቢያ ሲሰማ የተያዘ ሰው ወደ ቤቱ አይመለስም።

ዕቃው ደህና ዕቃ ነው። ወደ አገሩ የሚመለስ የውጭ መምህር የሸጠለት፣ ባለ አምፕሊፋየር፣ ሁለት የድምፅ ሳጥንና አንድ የጆሮ ማዳመጫ ያለው ከባድ ራዲዮ። መምህሩ በተሰባበረ አማርኛ፣ ማዳመጫው ሲሰካ ከጀርባው በላይኛው የገመድ ማሰሪያ ረድፍ የታሰሩት ሳጥኖች ጸጥ እንደሚሉ አስረዳው። ሀብተ ሥላሴ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ንብረት ክፍል ነው የሚሠራው፤ ሽቦ አያውቅም። ቢሆንም አንድ የሐምሌ እሑድ ሲታገል ውሎ የሁለቱን ሳጥኖች ገመድ ከራዲዮው ጀርባ በላይኛው ረድፍ አሰረ፤ ጣሪያ ላይ ወጥቶ አንቴና ዘረጋ። ማዳመጫውን ሰካና ሚስቱን አገርነሽን ጠራት። እሷም ጆሮዋን ሳጥኖቹ ላይ ለጥፋ አዳመጠች። ትንፍሽ አይሉም።

መስከረም ሲጠባ የቀበሌው ሊቀ መንበር የራዲዮውን ወሬ ሰማ። ለአብዮት በዓል አንድ ትልቅ ድምፅ ማጉያ አስመጥቶ በመንገዱ በኩል ከሀብተ ሥላሴ ቤት ታዛ ሥር አሰቀለው። በዓሉ ካለፈ በኋላም የማታው ዜና ለሰፈሩ ይሰማ ተብሎ እዚያው ቀረ። ገመዱን ያሰረው ሀብተ ሥላሴ ራሱ ነው፤ የላይኛው ረድፍ ስለ ሞላ ከታችኛው አሰረው።

የሙቀጫው ጣጣ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው።

ጎረቤታቸው እማሆይ ወለተ ሩፋኤል ከሐይቁ ማዶ የደልጊ ሰው ናቸው። ቄስ ባላቸው ሲሞቱ መንኩሰው፣ በቀን አንዴ ንፍሮ ቀምሰው የሚያድሩ ብቸኛ ሴት። እኒህ ሴት ከመሬት ተነሥተው፣ ጧት ልክ በአሥራ ሁለት ሰዓት፣ ከሀብተ ሥላሴ ታዛ አጠገብ ደጃፋቸው ላይ ሆነው መውቀጥ ጀመሩ። ግድግዳው እስኪንቀጠቀጥ ይወቅጣሉ። ስርጭቱ ሲያልቅ እሳቸውም ዘነዘናቸውን ያስቀምጣሉ።

አገርነሽ በዚያ ሰዓት የጓሮውን በር ነበር የምትጠብቀው፤ ከዚያ የሚሰማት ሙቀጫው ብቻ ነው። «ሰዓታችንን አውቀውታል» አለች አንድ ቀን። ሀብተ ሥላሴም ይኸው ሲከነክነው ቆይቷል። የሚነበበው ስም በዘነዘናው ድምፅ እየተዋጠ ስላስቸገረው የራዲዮውን ማጉሊያ ቁልፍ ከሦስት ወደ አምስት፣ ከአምስት ወደ ስምንት አዞረው። እሱ ከፍ ባደረገ ቁጥር እሳቸው ባሰባቸው። ምን ዓይነት እልህ ነው ብሎ ጥርሱን ነከሰ።

አንድ ማታ ከሥራ ሲመለስ እማሆይ መንገድ ላይ አስቆሙት። አንዳርጋቸው የሚባለው አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን እንዳነገተ እዚያው አጠገባቸው ቆሟል።

«ልጄ፣ ያንን ከታዛው የሰቀልኸውን ነገር ብታወርደው ምን አለ?» አሉት።

«የቀበሌ ነው እማሆይ። እኔ ምን ሥልጣን አለኝ?»

አንዳርጋቸውን ገልመጥ አደረጉትና ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ።

ሀብተ ሥላሴ ቤቱ ገብቶ በሩን ቀረቀረ። በጠባቂ ፊት የራዲዮ ነገር ምን አነሣቸው? «አሮጊቷ ሊያስበሉኝ ነው» አላት ለሚስቱ። «እኔ ቀድሜ ካልተናገርሁ አለቀልን።» አገርነሽ አለቀሰች እንጂ አትሂድ አላለችም።

በማግስቱ ቀበሌ ሄዶ፣ ከደልጊ በታንኳ የሚመጡ ሰዎች እማሆይ ቤት ወረቀት እያደረሱ ይመለሳሉ አለ። የሚመጣው ባቄላ የሚያመጣላቸው የእኅታቸው ልጅ ብቻ እንደሆነ ያውቃል። አውቆ ነው የተናገረው።

አንዳርጋቸው ሁለት ሰዎች አስከትሎ መጣ። አልጋውን ገለበጡ፣ ዳዊታቸውን ቅጠል በቅጠል በተኑ። ወረቀት ፍለጋ ሙቀጫውንም ደፉት። በርበሬ የለ፣ ቅመም የለ፣ አንዲት ፍሬ እንኳ ከውስጡ አልወረደችም። «ቀድመው ደብቀውታል» አለ አንዳርጋቸው።

ሲወስዷቸው እማሆይ ሀብተ ሥላሴን በመስኮቱ አዩትና ቀኝ እጃቸውን ወደ ታዛው አነሡ። አንዳርጋቸው በሰደፍ መትቶ አወረደው። ሀብተ ሥላሴ እየረገሙት መሰለውና መስኮቱን ዘጋ።

እሑድ ጧት ሰፈሩ ለጽዳት ዘመቻ ተጠራ። ሊቀ መንበሩም ጠባቂዎቹም ገና በማለዳው መንገዱ ላይ ነበሩ። ሀብተ ሥላሴ በሩን ቀረቀረ፤ አገርነሽ ወደ ጓሮ ሄደች። ከጎረቤት ኮሽታ የለም። «ተመስገን» አለ፤ ከልቡ ነው። ማጉሊያውን ስምንት ላይ እንዳለ ተወውና ማዳመጫውን አጠለቀ።

እንዲህ ጥርት ብሎ ሰምቶት አያውቅም። ሦስት ስም አለፈ። አራተኛው ላይ አንባቢው «አለበል ሀብተ ሥላሴ» አለ፤ «የትውልድ ቦታ ባሕር ዳር፤ የእናት ስም አገርነሽ፤ በሕይወትና በጤና ይገኛል። አባቱ ሆይ፣ ይህንን የምትሰማ ከሆነ ልጅህ ሰላም ብሎሃል።»

ሀብተ ሥላሴ በጉልበቱ ተንበረከከ፤ እንባው በጢሙ ላይ ወረደ። ሚስቱን ሊጠራ ማዳመጫውን ከጆሮው አወለቀ።

አንባቢው ግን ዝም አላለም፤ ከታዛው ሥር ሆኖ፣ አካፋ ይዞ ለቆመው ሰፈር ሁሉ የልጁን ስም ደግሞ ያነብብ ነበር።