የሥራ አስኪያጁ ስልክ የት ጮኸ?

«ስልክ ማለት ለእኔ ቡችላ ነው፤ ና ስለው ይመጣል፣ ሂድ ስለው ይሄዳል» እያለች ልጅቷ ከጠዋት ጀምሮ ስትፎክር ነበር። የቢሮው ጸሐፊ የሆነችው አክስቷ፣ ሥራ አስኪያጁ ከስብሰባ ሳይወጡ አዲሶቹ ስልኮች ከሠሩላት የእረፍት ጊዜዋን እዚያው እንድትሠራ ልታስፈቅድላት ቃል ገብታለች። ኮምፒውተሩ ላይ ከግቢው በር ጀምሮ የየክፍሉ ስም በየሳጥኑ ተደርድሯል፤ ሥራው የስልክ ቁጥሩን በማውስ እየጎተቱ ሳጥኑ ውስጥ መጣል ብቻ ነው። የቀረው የሥራ አስኪያጁ ቁጥር ነበር።

«አክስቴ፣ እዪኝማ! አንቺ እኮ የስልክ ቁልፍ ስትቀጠቅጪ ነው ያረጀሽው» አለችና፣ ቁጥሩን እየጎተተች ፊቷን ወደ አክስቷ አዙራ ጣቷን ከማውሱ ላይ እንደ ዘፋኝ በኩራት ከፍ አደረገች። «አለቀ!»

«እስኪ ሲደወል እናያለን። አፍሽማ መቼ ሰነፈ!»

ሁለቱም ጆሯቸውን ወደ ሥራ አስኪያጁ ክፍል ጣሉ። ጭጭ። ከግቢው በር ግን ስልክ አንቃጨለ፣ ዝም አለ። ወዲያው ዘበኛው ኮፍያቸውን እያስተካከሉ ገቡ።

«የሥራ አስኪያጁ ባለቤት ደውለው ለእራት ምን ልሥራ አሉኝ። ሾርባ ይበቃናል አልኳቸው።»

አክስቷ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ በሳቅ ፈረሰች። ልጅቷ ማውሱን አፈፍ አደረገች። «ጋሼ፣ በሞቴ አይንገሩብኝ! ሥራዬን ላጣ ነው! አንድ ሳጥን ብቻ እኮ ነው የሳትኩት፤ አሁኑኑ እመልሰዋለሁ።»

«ምን አስቸኮለሽ?» አሏት ዘበኛው። «መጀመሪያ ደሞዛቸውንም በዚያው ላኪልኝ።»