እጅ ያልሰማው

ዳባሶ ከአባቱ ኋላ ቆሞ፣ ሽማግሌው የበረቱን በር የዘጋውን የእሾህ ቅርንጫፍ ሲጎትቱ ተመለከተ። በረቱ ባዶ ነበር። ድርቁ የመጨረሻዋን ላም ከወሰዳት ወር አልፎታል። ዳባሶም ከቡሌ ሆራ ከተማ እዚህ አሬሮ ድረስ በመኪና የመጣው አባቱን ይዞ ለመመለስ ነበር፤ እሳቸው ግን ትናንት እንቢ ብለውታል። አሁን ቅርንጫፉን ወደ ጎን አደረጉና ለከብት መንገድ እንደሚለቅ ሰው ፈቀቅ ብለው ቆሙ።

ዳባሶ የፍልስፍና መምህር ነበር። ሐሳብ ሁሉ ዓይን ካየውና ጆሮ ከሰማው ነገር እንደሚነሳ፣ ሳይንስም ከዚያው እንደሚጀምር ለተማሪዎቹ ስንት ጊዜ ነግሯቸዋል። አባቱ ግን የሌለ ነገር የሚያዩ መሰለው፤ አእምሯቸው ተነክቶ እንዳይሆን ፈራ።

«አባ፣» አለ ቀስ ብሎ፣ «ላሞቹ እኮ አልቀዋል።»

«አውቃለሁ ልጄ። አልታመምኩም።» አባቱ እጃቸውን ዘርግተው አዩት። «ሲነጋ ይሄ እጅ ራሱ ተነስቶ ይከፍታል። እኔ የማውቀውን እሱ ገና አልሰማም።»

ዳባሶ ሄደና በሩን መልሶ ሊዘጋላቸው ቅርንጫፉን አነሳ።

«ተወው፣» አሉት፤ «ክፍት ይሁን።»

ከዚያ በትራቸውን አጥሩ ላይ አስደግፈው ተዉት፤ ወደ መኪናውም ቀድመውት መራመድ ጀመሩ።