የማን ቸልተኝነት
ሴትዮዋ ጠዋት ጁባ፣ አማራት ሰፈር ያለውን ምግብ ቤቷን ከፍታ ጠረጴዛዎቹን ወለወለች። ከዚያ ቅጽ የያዘ አበሻ አጥኚ መጣ፤ የጨጓራ ካንሰር የት አገር ዘግይቶ እንደሚታወቅ ይመዘግብ ነበር።

"እትዬ፣ ናይሮቢ ቶሎ ይደርሱበታል፤ የጁባ ሰው ግን ካልባሰበት አይመጣም። ሟች ባለቤትዎ የዘገዩት በቸልተኝነት ነው ልበል?"

ከመሳቢያው በሁለት ዓመት ውስጥ የተጻፉ አራት የባሏን የክሊኒክ ካርዶች አውጥታ ቅጹ ላይ ደረደረች። በአራቱም ላይ "ጨጓራ" ተብሎ ያው ክኒን ታዟል። ማንም ሆዱን በመሣሪያ አላየውም። ባሏም ክኒኑን ውጦ፣ በየማለዳው ተልባውን ጠጥቶ፣ ብርጭቆውን የመስኮቱ ደፍ ላይ ትቶ ሥራ ይገባ ነበር።

"ከእነዚህ በየትኛው ቀን ነው የዘገየው? አሳየኝ።"

"ለዚህ ቅጹ ላይ ቦታ የለም፣ እትዬ።"

"ቸልተኝነት ካልክ የማን እንደሆነም ጻፍ።"

ካርዶቹን ሰብስባ ወደ መሳቢያው መለሰች። የመስኮቱ ደፍ ላይ የተልባው ብርጭቆ አልነበረም።