የባለአክሲዮኗ ሹሩባ

የግልጽነት ሕጉ ከወጣ ወዲህ የባንክ ቦርድ ሰብሳቢ በቤቱም ቢሆን መዋሸት አይችልም፤ የሚታዘበው ጋዜጠኛ አብሮት ይኖራል። በሰብሳቢው በምህረቱ ላይ የተመደበው ጋዜጠኛ ደርበው ይባላል።

ቅዳሜ ምሳ ላይ የምህረቱ ሚስት አስካለ ከፀጉር ቤት ተመልሳ ፊቱ ቆመች።

«ምሬ፣ ሹሩባዬ አማረብኝ?»

ምህረቱን ጉርሻው አነቀው። ቢዋሽ ማታ በዜና ይነገርበታል፤ ሰኞ ደግሞ ደንበኛው ሁሉ ገንዘቡን ሊያወጣ ባንኩ በር ላይ ይሰለፋል። ደርበው ማኘኩን አቁሞ ጆሮውን አቀና።

«አስኩዬ… ግንባርሽን አሰፋው።»

«ሰብሳቢው ዛሬም አልዋሸም» ብሎ ደርበው ጻፈ።

አስካለ ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ተከናነበች።

«እንደ ባንኩ ባለአክሲዮን ኮርቼብሃለሁ። እንደ ሚስት ግን ዛሬ ሶፋ ላይ ታድራለህ።»

«ኧረ እትዬ፣ ሶፋው እኮ የእኔ መኝታ ነው!» አለ ደርበው።

«ተጠጋጉዋ! ግልጽነት አይደል የፈለጋችሁት?»