ለዛሪማ የተላከው ቁም ሳጥን

በሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ግንቦት ላይ፣ ደባርቅ ያለው አንድ የዘር ማከፋፈያ ጽሕፈት ቤት አራት ሠራተኞች ነበሩት። አራቱም እሳትና ጭድ ናቸው። አንዱ እንደምን አደራችሁ ካለ ሌላው ምን ማለትህ ነው ይላል። እነሱን እንዲያስማማ ጓድ መንግስቴ የሚባል ካድሬ ከጎንደር ተላከ።

መንግስቴ ሰው ማስማማት ያውቅበታል ተብሎ ነው የተመረጠው። ከሚስቱ ጋር ከተኳረፈ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ያ ግን የግል ጉዳይ ነው። አለቃው ሲሸኘው ነገሩን አላድበሰበሰበትም። በሠላሳ ቀን ውስጥ አራቱን እንደ አንድ ሰው ካሠራ፣ መስከረም ላይ ለትምህርት ሞስኮ። ካልሆነለት ግንባር። መንግስቴ ሩሲያ ብርድ ነው ሲባል ስለሰማ ገና ከጎንደር ሳይወጣ ካፖርት አሰፋ።

የመጣ ዕለት ከዳባት የተሰወረ አንድ መምህር እንደሚፈለግ የሚገልጽ ማስታወቂያ ሰጣቸውና በሩ ላይ ለጥፉ አላቸው። ማን ይለጥፍ በሚል ግማሽ ቀን ተነታረኩ። ቢቸግረው ራሱ ለጠፈው።

በማግስቱ ሂስና ግለ ሂስ አስጀመረ። የታይፕ ጸሐፊዋ ሸጊቱ ቀድማ ተነሣች።

«ጓድ፣ ምሳዬን የሚበላብኝ ሰው አለ። በየቀኑ ሳህኔን ባዶውን ነው የማገኘው።»

«ማን ነው?»

«ያርጋል ነዋ። መጋዘኑን ቆልፎ ውስጥ ለውስጥ ሲያኝክ ይውላል።»

የዕቃ ግምጃ ቤቱ ያርጋል ሽንብራ እንኳ እንደማይስማማው ምሎ ተገዘተ። ሹፌሩ ውቤ ሁለቱንም ሰደባቸው። መንግስቴ በማስታወሻው ላይ «የምሳ ሌባ» ብሎ ጻፈና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረበት። እንዲህ ያለውን ከባድ ወንጀል ያጠና ዘንድ ነው መንግሥት ያስተማረው።

በሳምንቱ ከቀትር በኋላ ከመጋዘኑ ውስጥ ማንኮራፋት ሰማ። ነገ ጠዋት አጋልጣለሁ ብሎ አደረ። ጠዋት ግን ገና አፉን ሳይከፍት ዘበኛው ጋሽ ቢራራ ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ።

«እኔ ነኝ ጓድ። እርጅና ነው፤ ቀን ቀን እንቅልፍ ይጥለኛል። ራሴን ሂሻለሁ።»

መንግስቴ ደስ አለው። የመጀመሪያው ፍሬ ነው። የምሳውም ሌባ እኒሁ ሽማግሌ መሆናቸውን ያኔውኑ በልቡ ቆረጠ፤ ሆኖም ሽማግሌ ናቸውና አለፋቸው።

አንድ ቀን ደግሞ መጋዘኑን ልይ ብሎ ተነሣ። በሩ ላይ እንደ ደረሰ ውቤ የያርጋልን ኮሌታ አነቀ። ጋሽ ቢራራ ሊገላግሉ ገብተው እሳቸውም ተመቱ፣ ሸጊቱ ጮኸች። ሁሉንም ሲያላቅቅ ቀኑ መሸ፤ ለምን እንደመጣም ረሳው።

ሃያ አምስተኛው ቀን ላይ መንግስቴ እንቅልፍ አጣ። ጦር ግንባሩ ታየው። ያኔ ነው የቁም ሳጥኑን ነገር የነገሩት። ሊማሊሞን ወርዶ ያለው የዛሪማ ቅርንጫፍ የመዝገብ ቁም ሳጥን ከጠየቀ ሦስት ወሩ ነው። ያርጋል ጀርባው በስብሶ የተበሳሳ አሮጌ ዕቃ አልሰጥም ይላል። ውቤ አልጭንም ይላል።

«ለምንድን ነው የማትጭነው?» አለው መንግስቴ።

«ኬላው ላይ የጫንከውን ዕቃ ሁሉ አውርድና ክፈት ይሉኛል፣ ጓድ። ወገቤን ከየት አመጣዋለሁ?»

«እኔ አብሬህ እሄዳለሁ። እስቲ የሚያስወርደኝን አያለሁ። አራታችሁም አንድ ላይ ትሸከሙታላችሁ፤ ሥራ በኅብረት ማለት ምን እንደሆነ በትከሻችሁ ታውቁታላችሁ።»

አራቱም አጉረመረሙ። እሱ ግን ወስኗል።

በሃያ ዘጠነኛው ቀን ማለዳ፣ ደባርቅ ጉም ለብሳ ሳለ፣ ወንዶቹ ቁም ሳጥኑን ከመጋዘን ተሸክመው ወጡ። እርምጃቸው አንድ፣ ትንፋሻቸው አንድ። እርሳስ እንኳ አላውስም የምትለው ሸጊቱ ከፊታቸው ድንጋይ እያነሣች «ቀስ፣ ቀስ» ትላለች። የዚያን ዕለት ሳህኗ ከነክዳኑ ጠፍቶባት ሳለ ማንንም አልከሰሰችም። መንግስቴ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሞስኮን አያት።

ኬላው ላይ ሚሊሻው «ይከፈት» አለ። መንግስቴ መታወቂያውን አውጥቶ ስለ ኅብረት ሥራ ግማሽ ሰዓት አስተማረው። ሚሊሻው ንግግሩ እንዲያልቅለት ሲል ገመዱን ጣለ። ሊማሊሞን ሲወርዱ፣ ሌላ ጊዜ እንደ እብድ የሚነዳው ውቤ እንቁላል የጫነ ያህል ተጠነቀቀ። ይኸም የሂሱ ውጤት ነው አለ መንግስቴ።

ዛሪማ ሲደርሱ ሙቀቱ ጠበሳቸው። መንግስቴ ራቅ ካለ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሪፖርቱን ጻፈ፦ «በሥራ ዘመኔ እንደ ደባርቆቹ አንድ ልብ የሆኑ ሠራተኞች አላየሁም።»

ውቤ መኪናዋን ከቅርንጫፉ ጓሮ አቆመና ቁም ሳጥኑን ሁለት ጊዜ አንኳኳ፦ «መምህር፣ ደርሰናል፣ ይውጡ፤ ሸጊቱ ሳህኔን እንዳይረሱብኝ ብላለች።»